ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ማዘርቦርድ

«ሰውዬው መጫወቻ ግዙልኝ እያለ ነው» ስትል ሚስቱ ለእህቷ በስልክ የተናገረችውን ጡረተኛው ሹፌር የሰማው በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲቀባ ነበር። «አዎ፣ በዚህ ዕድሜው! ትናንት ደግሞ የሆነ ቦርድ ብቻ ነው የቀረኝ አለኝ። እኔ እንጃ፣ ሦስት ወር ቤት ውሎ እንዲህ ከሆነ ዓመት ሲሞላውማ ብይ መጫወት ሳይጀምር አይቀርም።» እህትየዋ ስትስቅ በተከፈተው መስኮት ተሰማው። ብሩሹን እንደያዘ እጁ ጫማው ላይ ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ያልተሰደበው ስድብ አልነበረም። ዐይንህን ግለጥ ተብሏል፣ ከብት ነው እንዴ የጫንከው ተብሏል፣ አንዲት ሴትዮማ ፌርማታዋን አሳልፏት በጃንጥላ ትከሻውን ብላዋለች። አንዱም ግን እቤቱ ድረስ ተከትሎት አያውቅም፤ ማታ አውቶቡሱን ሲያቆም ስድቡንም እዚያው ቆልፎበት ነበር የሚመጣው። ይሄኛው ከገዛ ሳሎኑ ስለመጣ የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገባው።

ጫማውን መቀባቱም ቢሆን ለልማዱ ነው። ከሦስት ወር በፊት መንጃ ፈቃዱን ሊያድስ ሄዶ ሐኪሙ በግራ ዐይኑ ሲያስነብበው፣ ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ፊደላት የታየው ትልቁ ብቻ ሆነ። መሥሪያ ቤቱም ጊዜ አላጠፋም፤ በአንድ ሐሙስ ከሰዓት አጨብጭቦ፣ ንግግር አድርጎ፣ የግድግዳ ሰዓት ሸልሞ ቁልፉን ተቀበለው። ከእንግዲህ የሚቸኩልበት ለሌለው ሰው ሰዓት መስጠት የማን ሐሳብ እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ድሮ ጠዋት ጠዋት የስምሪት ወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ መስመሩንና የአውቶቡሱን ቁጥር አንብቦ ፈርሞ ይወጣ ነበር። አሁን ቅዳሜ መሆኑን የሚያውቀው ሚስቱ ቤት በመዋሏ ነው። በሌላው ቀን ጫማውን ይቀባል፣ ያስራል፣ እበሩ ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለስና ይፈታዋል።

የቦርዱ ነገር የተጀመረው የእህቱ ልጅ ቤት ነው። የእህቱ ልጅ የባንክ ሠራተኛ፣ የሁለት ልጆች አባት ሲሆን ማታ ማታ ኮምፒውተር ላይ ሲጫወት ቢያድር ማንም ምንም አይለውም። ባለፈው እሑድ አጎቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ አንድ ጨዋታ ከፈተለት፤ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳበት ነበር። ሹፌሩ መጀመሪያ አፈረ። ከዚያ መስታወቱን አየ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ፍሬቻ አብርቶ ወጣ። ፌርማታው ላይ ሥዕል የሆኑ አሮጊት ደረጃውን እስኪወጡ በሩን ከፍቶ ጠበቀ፤ ቦታ ይዘው እስኪቀመጡም አልተንቀሳቀሰም። የቀኙ ዐይን ለዚህ ከበቂ በላይ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ነድቶ ሲነሣ ደረቱ ላይ ተጭኖት የከረመው ነገር ለቆት ነበር፤ ደስ አለው፣ በጣም ደስ አለው። የእህቱ ልጅ ይሄን አይቶ፣ የራሱ ቦርድ ተቃጥሎበት ሁሉንም በአዲስ በቀየረ ጊዜ የተረፈውን ዕቃ በጫማ ካርቶን አድርጎ ሰጠው፤ ፕሮሰሰሩን፣ ሚሞሪውን፣ የምስል ካርዱን፣ ከነ አሮጌ ሣጥኑና ስክሪኑ። «የሚቀርዎት ማዘርቦርድ ብቻ ነው፣ አጎቴ። ሻንሲው ማለት ነው፤ ሁሉም እሱ ላይ ነው የሚታሰረው። ብቻ የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ከእግሮቹ ጋር መግጠም አለበት» ብሎ የመቀመጫውን ዓይነት በወረቀት ጻፈለት። ሹፌሩም ወረቀቱን አጥፎ ድሮ መንጃ ፈቃዱ ይቀመጥ በነበረበት የሸሚዝ ኪሱ ከተተው።

ቀላል ነገር ይመስል ነበር፣ ሌላ ሴት ቢያገባ ኖሮ። የእሱ ሚስት ግን ሃያ አራት ዓመት በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የግዥ ኃላፊ ሆና የኖረች፣ ኦዲተሮች መጥተው አንድም ጉድለት ሳያገኙባት ሻይ ጠጥተው የሚሄዱላት ሴት ናት። እቤትም ቢሆን ያለ ቅጽ ዕቃ አይገዛም። ቅጹን ራሷ አዘጋጅታ፣ በራሷ ገንዘብ አባዝታ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከአንሶላዎቹ ሥር ታስቀምጠዋለች፤ ጠያቂ፣ ምክንያት፣ አጽዳቂ፣ ተረካቢ የሚል ቦታ አለው። ከአንድ ኪሎ ስኳር በላይ የሆነ ነገር ሁሉ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰብለታል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ፍሪጅ ለመግዛት ስምንት ወር ፈጅቶባቸው አሸናፊው ሲታወቅ ሱቁ ተዘግቶ ቆያቸው። የልጃቸው የሙሽራ ቀሚስ እንኳ በዚሁ መንገድ ነው የተገዛው፤ ዚፑ የተበጠሰው ፎቶ ከተነሡ በኋላ ስለነበር ግዥው የተሳካ ተብሎ ፋይል ውስጥ ገባ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሹፌሩ ቅጹ ላይ የሚፈርመው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ተረካቢ የሚለው ላይ። ቅር ብሎትም አያውቅም። ቤቱን አክብራ፣ ልጅ አስተምራ፣ ከማንም ሳይበደሩ ያኖረቻቸው እሷ መሆኗን ያውቃል።

ስልኩን ዘግታ ወደ በረንዳው ብቅ አለች። መስማት አለመስማቱን ለማወቅ ፊቱን አየት አደረገችው፤ እሱ ጫማው ላይ አቀረቀረ።

«ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማኅተም ያለበት» አለችው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴው ይቀመጣል።»

«የምን ኮሚቴ?»

«ወንድሜን ጠርቼዋለሁ። ቴክኒኩን እሱ ያየዋል።»

ወንድሟ ኢንጂነሩ ይባላል። የዛሬ ሃያ ዓመት የጎረቤት ካውያ ጠግኖ ነው ስሙ የወጣለት፤ ካውያው በሳምንቱ ቢቃጠልም ስሙ ጸንቶ ቀረ። ሹፌሩ ፕሮሰሰሩን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ወጣ። አውቶቡስ ውስጥ እንደ ወትሮው ከባለመሪው ጀርባ ያለውን ወንበር ያዘ። ባለመሪው ወጣት ነው፤ ፍሬን የሚይዘው ዘግይቶ፣ መታጠፊያ የሚገባው ፈጥኖ። ቁልቁለቱ ላይ የጡረተኛው ቀኝ እግር ወለሉን ሁለት ጊዜ ረገጠ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ እግሩን አይታ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችው፣ ጅማቱ የተሸማቀቀ መስሏት።

የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥበት ሕንፃ አራት ፎቅ ሲሆን ሊፍቱ ከተሠራ ጀምሮ «በጥገና ላይ» ነው። የመጀመሪያው ሱቅ እንደ ወርቅ ቤት ያብረቀርቃል። ማዘርቦርዶቹ መስታወት ውስጥ ተደርድረው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ያበራሉ፤ ሻጩም ጸጉሩን በቅባት አስተኝቶ አብሯቸው ያበራል።

«ለልጅዎ ነው፣ አባቴ?»

«ለራሴ።»

«አይ፣ የጨዋታውን ነው እኮ የምልዎት።»

«እኔም እሱን ነው የምልህ።»

ሻጩን ሙያው አሸነፈውና ሰባት ቀለም የሚያበራ ቦርድ አወጣ። መቀመጫው ይገጥማል። ዋጋው አሥራ ስምንት ሺህ ነው። ሹፌሩ የጡረታ ደብተሩ ዐይኑ ላይ ድቅን አለበት፤ ዋጋው የሁለት ወር ጡረታውን ጨርሶ ሦስተኛውን የሚያጋምስ ነበር። «መብራቱ ምን ይሠራል?» አለ፤ ሹፌር ነውና መብራት ሁሉ ሥራ ያለው ይመስለዋል። «ያምራል» አለ ሻጩ። «ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ለማን ነው የሚያምረው?» ቢለው ጊዜ ሣጥኑም በመስታወት የተሠራ እንዳለ፣ እሱም ለብቻው እንደሚሸጥ ነገረው። ፕሮፎርማውን ግን በደስታ ጽፎ፣ ማኅተሙን እፍ ብሎ መታለት።

ሁለተኛው ሱቅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ኪቦርዱ ላይ ዳቦውን አስቀምጦ ምሳውን ይበላል። ወረቀቱን በቅባታም ጣቱ ይዞ ሳያነበው መለሰና አንድ አዲስ አረንጓዴ ቦርድ አወረደ፤ አራት ሺህ ሁለት መቶ። ሹፌሩ ዋጋውን ሲሰማ ቶሎ መሐረቡን ፈታ። ግን ልምድ የሚባል ነገር አለ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ ከዕቃ ጋር መግጠሙን ሳያይ ጎማ አስቀይሮ አያውቅም። የእሱ ፕሮሰሰር ከሆዱ ሥር ጥቃቅን እግሮች አሉት፤ እግሮቹ የሚገቡበት ቀዳዳ መኖር ነበረበት። የዚህ ቦርድ መቀመጫ ግን ቀዳዳ የለውም፤ ራሱ እግር አብቅሎ ቁጭ ብሏል።

«ይሄ እኮ አይገጥምም» አለ።

ባለ ሱቁ ጉርሻውን ዋጠ። «ሊገዙ ነው ወይስ ለፕሮፎርማ?»

«ለፕሮፎርማ።»

«ለፕሮፎርማ ታዲያ መግጠሙ ምን ያደርጋል?» ብሎ ማኅተሙን ሁለት ቦታ መታለት፤ አንዱን በምርቃት።

ሦስተኛውን ሱቅ ያገኘው ሲወርድ ነው። ከደረጃው ሥር፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት ጎልማሳ ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትበይዳለች። መደርደሪያው ሙሉ ያገለገሉ ቦርዶች ናቸው፤ እያንዳንዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሕመሙ በወረቀት ተጽፎበታል፤ «ድምፅ የለውም»፣ «ሲሞቅ ይጠፋል»፣ «ደህና ነው»። የእህቱን ልጅ ወረቀት እስከ መጨረሻው ያነበበች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች። ፕሮሰሰሩን ከመሐረቡ ላይ በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ መብራቱ አስጠጋችውና አንዷ እግር መጣመሟን አየች፤ በመርፌ ጫፍ ትንፋሿን ይዛ አቃናችው። ከዚያ «ደህና ነው» ከሚለው ቦርድ ላይ አስቀመጠችው፤ ሳትጫነው በራሱ ቁልቁል ገባ። ሽቦ አገናኘች። ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ በራ። ሹፌሩ ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጠ፤ ሞተር ሲሰማ እንደ ኖረው ነው ያዳመጠው። ድምፁ ንጹሕ ነው፣ አይንኳኳም።

«ምን ሊጫወቱበት ነው?» አለችው።

ሊዋሽ አሰበ፤ ለልጄ ነው ሊል። «አውቶቡስ ልነዳ» አለ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። «ለሱ ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚያስወጣዎት ሰው እየዘረፈዎት ነው። አምስት ሺህ ስምንት መቶ። ሦስት ወር ዋስትና አለው፤ ከተበላሸ ይዘው ይምጡ፣ እዚሁ ነኝ።»

ፕሮፎርማ ሲጠይቃት ግን ራሷን ነቀነቀች። ያላት ይሄ አንድ ብቻ ነው፤ ዛሬ ዋጋ ጽፋለት ነገ ሌላ ሰው ቢወስደው ወረቀቱ ውሸት ሆነ ማለት ነው፤ ውሸት ደግሞ በማኅተም አትጽፍም። በቁራጭ ወረቀት ዋጋዋንና ስልኳን ጻፈችለትና እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ለማንም ሳትሸጥ እንደምታቆይለት ቃል ገባች። ሦስተኛ ፕሮፎርማ የግድ ስለሆነ ሹፌሩ እዚያው ጎን የፎቶ ኮፒ ቀለም ብቻ ወደሚሸጥ ሱቅ ገባ። እነሱም ማዘርቦርድ ምን እንደሚመስል ጠይቀውት፣ ዘጠኝ ሺህ ብለው ጽፈው፣ ከኢንተርኔት ያገኙትን ሥዕል አያይዘው፣ ክብ ማኅተም መቱለት። ስለዚህ ወደ ቤቱ ሲመለስ እጁ ላይ የያዘው የአንድ የማያስፈልግ፣ የአንድ የማይገጥምና የአንድ ጭራሽ የሌለ ዕቃ ሕጋዊ ሰነድ ነበር፤ የሚሠራው ዕቃ ብቻ ወረቀት አልነበረውም።

ኮሚቴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎን ተቀመጠ። ሚስቱ የማንበቢያ መነጽሯን አድርጋ ጠረጴዛው ራስ ላይ፣ ኢንጂነሩ በቀኟ፣ እህትየዋ ደግሞ በስልክ ድምፅ ማጉያ በታዛቢነት። ሹፌሩ ጠያቂ ስለሆነ ድምፅ የለውም ተብሎ ከፍሪጁ አጠገብ ያለው ወንበር ደረሰው። ሰባ ነጥብ ለዋጋ፣ ሠላሳ ለቴክኒክ ተያዘ። ኢንጂነሩ ፕሮፎርማዎቹ ላይ የተያያዙትን የቦርድ ሥዕሎች በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ ቀዳዳ ቆጠረ፤ ቀዳዳ የበዛበት ይበልጣል አለ። ባለ መብራቱን ሌብነት ይጋብዛል ብሎ አምስት ቀነሰበት። አረንጓዴው ግን ጥሩ ነው፤ ጥቁር ቦርድ ሙቀት ይስባል፣ አረንጓዴ ተፈጥሯዊ ነው። ሚስቱ ነጥቡን በመስመር በመስመር ደመረች፤ ሁለት ጊዜ አረጋገጠችና አራት ሺህ ሁለት መቶው ማሸነፉን በመሥሪያ ቤት ድምጿ አነበበች። «እንኳን ደስ አለህ፣ ልጄ» አለች እህትየዋ በስልክ እየሳቀች።

«አይገጥምም» አለ ሹፌሩ። «አይቼዋለሁ፤ እግሩ መግቢያ የለውም።»

«እግሩ ከሆነማ ጋሼ፣ የበዛውን በፒንሳ እናነሣዋለን» አለ ኢንጂነሩ።

ሹፌሩ እጁን ሳያስበው ወደ ኪሱ ላከ፤ ያችን በመርፌ የተቃናች እግር ሊጠብቃት። ከዚያ የሴትዮዋን ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ይሄኛው ይገጥማል፣ በርቶ አይቻለሁ፣ ዋስትናም አለው አለ። ሚስቱ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ማኅተም የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ አርማ የለውም። «ይሄ ሰነድ አይደለም፣ የኔ ጌታ። እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ብፈርም ነገ ወንድሜስ ምን ይለኛል?» አለች፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ከልቧ ነበር። ቅሬታው በቃለ ጉባኤ እንደሚያዝለት ነግራው «ተረካቢ» የሚለው ቦታ ላይ እንዲፈርም ቅጹን ገፋ አደረገችለት። ሹፌሩ እስክሪብቶውን አነሣ። እቤት ውስጥ ለሃያ ምናምን ዓመት የተሰጠውን ሁሉ ተረክቧል፤ የማይዘጋውን ጃንጥላ፣ ጣቱን የሚቆነጥጠውን ጫማ፤ ከመሥሪያ ቤት ደግሞ የግድግዳ ሰዓቱን። ይሄን ቢረከብ ግን ያ ካርቶን አልጋ ሥር ገብቶ እዚያው እንደሚቀር፣ እሱም ጠዋት ጠዋት እበሩ ድረስ እየሄደ እየተመለሰ እንደሚያረጅ ታየው። ሳይፈርም ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባ።

ከአንሶላዎቹ ሥር አንድ ባዶ ቅጽ ሳበ። የቅጹን የላይኛውን ክፍል አስተውሎ አይቶት አያውቅም ነበር። ከጠያቂው ቦታ ሥር በደቃቅ ፊደል የታተመ መስመር ስላለ በቀኝ ዐይኑ ለማንበብ ወደ መስኮቱ አስጠጋው፤ የሚስቱ የራሷ ቃል ነው፤ «አቅራቢው አንድ ብቻ ሲሆን ጠያቂው ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ቀጥታ ግዥ ሊፈቀድ ይችላል።» አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። ሌላው ሁሉ ቶሎ ተጻፈ፤ ምክንያት የሚለው ላይ ግን ቆየ። መጀመሪያ ስለ እግሮቹ ሊጽፍ ነበር፤ ቀጥሎም ስለ ዋስትናው። ሁለቱንም ተዋቸው።

ሳሎን ተመልሶ ቅጹን ፊቷ አኖረላት። ሚስቱ ቅጽ ሲቀርብላት ማንበብ በደሟ ያለ ነውና መነጽሯን አስተካክላ ጮክ ብላ ጀመረች።

«ጠያቂ፦ ሹፌር። የዕቃው ዓይነት፦ አንድ ማዘርቦርድ፣ ያገለገለ፣ የሚገጥም። አቅራቢ፦ ደረጃው ሥር ያሉት ሴትዮ። ምክንያት፦ ጠዋት ጫማዬን ቀብቼ የምሄድበት ስለሌለኝ።»

የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስትደርስ የመሥሪያ ቤት ድምጿ ጠፋ። ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ይሄ እንግዲህ ቴክኒካዊ ምክንያት አይደለም» አለ።

«አንተ ዝም በል!» አለችው ሚስትየዋ።

ዐይኗ ከወረቀቱ ላይ ወደ ባሏ ጫማ ወረደ። ጫማው ያብረቀርቃል። እሷ በሥራ ቀን ማለዳ ወጥታ ማታ ነው የምትገባው፤ ቀን የት እንደሚውል ጠይቃው አታውቅም፣ እሱም ነግሯት አያውቅም። ሹፌሩ ምን እንደምትል ፈርቶ ሰዓቱን አየ፤ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይላል። ሚስቱ ቅጹን ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ መልሳ ዘረጋችው፤ ጉድለት የምትፈልግ ትመስል ነበር፤ አገኘችም።

«ቀን አልጻፍክበትም» አለችው ቀስ ብላ።

እስክሪብቶውን ተቀበለና ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። እጁ ግን አልተንቀሳቀሰም። ቀና ብሎ አያት።

«ዛሬ ስንት ነው?»

ማንም አልሳቀም። ሚስቱ እስክሪብቶውን ከእጁ ላይ በቀስታ ወሰደችና ቀኑን ራሷ ጻፈችለት፤ አጽዳቂ የሚለው ላይ ፈረመች፤ ስልኩን ደህና ዋይ እንኳ ሳትል ዘጋችው። ቦርሳዋን አንሥታ የውጪ ጫማዋን ስታጠልቅ ኢንጂነሩ ሦስቱን ፕሮፎርማዎች ምን ላድርጋቸው ብሎ ጠየቀ፤ እሷ ግን ወደ ባሏ ዞረች።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው ያቆዩልህ?»

«እስከ አሥራ አንድ ተኩል።»

«ተነሣ በል፣ አባቷ። አውቶቡሱ ያመልጠናል።»

ሹፌሩ መሐረቡን ደባብሶ ኪሱ ውስጥ መኖሩን አረጋገጠና ተከተላት። በሩን አልፈው ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ቆም አለች።

«ደረሰኝ ግን ይሰጡናል አይደል?»